በእግር የተገዛ ትምህርት

አንድ ሰው ነበረ፤ እግሩ ፈጣን፣ ጓዳው ባዶ። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊደል መቁጠር። የአገሩ መምህር ደግሞ በነፃ አያስተምርም፤ በዓመት አንድ በሬ ይፈልጋል። አባቱ ከጥማድ በሬዎቹ አንዱን ልስጥና ተማር ቢለው እምቢ አለ። በአንድ በሬ እንደማይታረስ ያውቃል፤ የአባቱን በረት ማራቆት ከበደው።

በዚህ መሃል አንድ ባለጸጋ ሲሮጥ አየውና አስጠራው።

«እኔ ቤት ግባ። ትበላለህ፣ ትለብሳለህ፣ የቤቴ መምህር ፊደል ያስቆጥሩሃል። አንዲት ሳንቲም አልጠይቅህም። ደብዳቤዬን ብቻ አድርስልኝ።»

«ፊደሉስ መቼ ነው ጌታዬ?»

«ጠዋት ጠዋት።»

ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ነፃ ከተባለ ምን ይጠየቃል?

ባለጸጋው ቃሉን አላጠፈም። ምግቡም መጣ፣ ጋቢውም መጣ፣ መምህሩም ጠዋት ጠዋት ከዋርካው ሥር ይቀመጣሉ። ደብዳቤው ግን የሚላከው ጎህ ሲቀድ ነው። ሰውየው ወረቀቱን በተሰነጠቀ ሸምበቆ ጫፍ ሰክቶ፣ ከፍ አድርጎ ይዞ ይወጣል። ያን ሸምበቆ ያየ ሁሉ መንገድ ይለቃል፣ ውሃ ያቀብላል፤ ስሙን የሚጠይቀው ግን የለም። «የማን ነው?» ይላሉ፤ ደብዳቤውን ማለታቸው ነው። ሲመለስ ትምህርቱ ተበትኗል። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተሳሳቁ ሲወርዱ፣ እሱ ብቻውን የቀዘቀዘ ምሳውን ይበላል።

አንድ ቀን የጓዳ ሠራተኞች ሲያወሩ ደረሰባቸው።

«ይሄ ሰውዬ ፊደል የለየ ቀን እንጀራው ቆመ በሉ። ጌታው እኮ የሚወዱት ምስጢራቸውን ስለማያነብ ነው።»

ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

በስድስተኛው ዓመት ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱ ተበላሸ። ባለጸጋው አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ ውላችን ከእግርህ ጋር ነበር» አለውና አዲስ ጋቢ አልብሶ ሸኘው። ሰውየው ግን በበሩ አልወጣም። እያነከሰ ወደ ዋርካው ሄደ።

«መምህር፣ የእኔ ቦታ የት ነው?»

መምህሩ ተነሥተው ከግንዱ ኋላ የተጠቀለለ አጎዛ አወጡ። ጸጉሩ አልተኛም፤ ማንም አልተቀመጠበትም። «በየጠዋቱ አነጥፍልህ ነበር። ስትቀር እጠቀልለዋለሁ» አሉት። ሰውየው አጎዛውን በእጁ ዳበሰው። ስድስት ዓመት ከፍሎበታል፤ ሙቀቱን ግን አያውቀውም።

ይህን ተረት የሚያወራው የሩጫ አሠልጣኝ እታገኝ ወደምትባለው ሯጩ ዞረ።

«በሩጫዬ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ በነፃ ልማር፣ ወይስ አባቴ ባሕር ዛፉን ሸጦ እዚህ ኮሌጅ ያስገባኝ፣ የቱ ያዋጣል ብለሽ ጠየቅሽኝ። ባሕር ዛፉም ዋጋ አለው፣ እግርሽም ዋጋ አለው። ነፃ የሚሉሽን ትምህርት የምትከፍዪው በጠዋትሽ ነው። አትሂጂ አላልኩሽም። ግን ልምምድና ክፍል የተጋጩ ዕለት የቱ ነው የሚቀረው? በሁለተኛው ዓመት ጉልበትሽ ቢያብጥ ማን ይከፍልልሻል? ካንቺ በፊት የሄዱትስ፣ ስንቶቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ወጡ? ይህን በወረቀት ያስቀምጡልሽ። ካላስቀመጡልሽ የአባትሽ ባሕር ዛፍ ይረክስልሻል።»

እታገኝ የጫማዋን ክር ስትፈታና ስታስር ቆየች።

«ሰውየውስ ተማረ፣ ኮች?»

«ተማረ። ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ ሀሁ አለ። ደብዳቤ መጻፍም ቻለ፤ የሚጽፍለት ሰው ግን አጣ። አባቱ በነዚያ ዓመታት ሞቷል። በአገሩ ያላንኳኳው በር የለም፤ ስሙን የሚያውቅ ቤት ግን አንድም አልነበረም።»

አሠልጣኙ ወደ መሮጫው ሜዳ ጠቆማት።

«እሱ የጠየቀው ካነከሰ በኋላ ነው። አንቺ ገና እየሮጥሽ ጠይቂ።»