የማንጠግቦሽ ሽንቁር

ደረባ የምትባለው መንደር ከገደል አፋፍ ላይ ናት። የደረባን አጥር ያየ እንግዳ ሁለት ጊዜ ይስቃል ይባላል። አጥሩ ሁሉ አጋም ነው፤ በጋ ከክረምት ቅጠሉ የማይረግፍ፣ እሾሁ መንታ ሆኖ የሚወጣ፣ ግንቦት ሲገባ ነጭ አበባው መንደሩን በመዓዛው የሚያውደው አጋም። እንዲህ ያለውን አጥር እባብ እንኳ አስቦ ነው የሚያልፈው። ታዲያ ይህን ያህል ደክመው ባሳደጉት አጥር ላይ፣ በጓሮ በኩል፣ ፊቱን ወደ ገደሉ በሰጠው ወገን፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ሽንቁር ክፍት ተትቶ ያገኛል። እንግዳው መጀመሪያ የሚስቀው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛ የሚስቀው ደግሞ በሽንቁሩ በኩል አንድ ነገር ኮሽ ሲል ነው። በሌላ አገር ቢሆን ሰው ፍየል መጣች ብሎ ድንጋይ ያነሳል። የደረባ ሰው ግን የያዘውን ሥራ ይተውና «ማነሽ?» ይላል፤ ብሎም መልስ ይጠብቃል። እሱ ሲጠብቅ ፍየሊቱ ገብታ ጎመኑን ትጨርሰዋለች።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ «ከአባቶቻችን ያገኘነው ነው» ብለው ያልፉታል። ተቀምጦ ለታገሠ ሰው ግን ሽማግሌዎቹ ይነግሩታል። ነገሩ እንደሚነገረው እንዲህ ነው።

የመንደሩ ቤት ከአሥር በማይበልጥበት ዘመን አንለይ የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ በአራስነቷ ሞታበት፣ ልጂቱን ከታላቅ እህቱ ከብርቄ ጋር ሆኖ አሳደገ። አንለይ ቃል የማይበዛበት ሰው ነበር። በአንድ ሰሞን የሚናገረውን ብርቄ በአንድ ጥዋት ትናገረዋለች ይባላል። «አንተ ሰውዬ፣ ቃል ከገበያ በእህል ነው እንዴ የምትገዛው?» ትለው ነበር። እሱም ፈገግ ይላል።

ልጂቱ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ድክ ድክ ማለት እንደጀመረች በዋናው ደጅ መግባትና መውጣት አልወድ አለች። በጓሮ በኩል አጋሙ ሳስቶ የቀረበት ቦታ ነበርና፣ በዚያ እየሾለከች ስትገባ ስትወጣ ቦታው ሰፍቶ ሽንቁር ሆነ። አንለይ ከጎመኑ ዘንድ ጎንበስ ብሎ ሲኮተኩት አጥሩ ኮሽ ይላል። ማን እንደሆነች እያወቀ፣ ቀና ሳይል፣ «ማነሽ?» ይላል።

«ፍየል ነኝ» ትላለች ከአጥሩ ማዶ።

«ግቢና ጎመን ብዪ።»

ገብታ አንገቱ ላይ ትንጠለጠላለች። ያ ዝምተኛ ሰው በዕድሜው የቀለዳት ቀልድ ይህቺ ብቻ ናት ይባላል። ልጂቱ አድጋ እንስራ ስታዝልም ቀልዲቱ አልቀረችም። «ይቺ ፍየል መቼ ነው የምትታረደው?» እያለች ብርቄ ከምድጃው ዘንድ ታሽሟጥጣለች።

ማንጠግቦሽ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከገደሉ ማዶ፣ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ከሚያስኬድ አገር፣ ሽማግሌ መጣ። ሰዎቹ ዘራቸው የታወቀ፣ በሬያቸው የሰባ ነበርና ተሰጠች። ሠርጉም ሆነ፣ መልሱም ሆነ። ከመልሱ ድግስ ወደ ባሏ አገር ልትሄድ ስትነሳ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ አለችና «አባ፣ ሽንቁሬን አትዝጋት» አለችው።

አንለይ ዝም አለ። እንኳን ለዚህ ነገር፣ ለሌላውም ፈጥኖ የሚመልስ ሰው አልነበረም። እሷም የአባቷን ዝምታ ስለምታውቀው፣ እሺ እንዳላት ቆጥራ ጉልበቱን ስማ ሄደች።

በዚያ ዘመን የደረባ ወግ ግን ሌላ ነበር። ሴት ልጁን የዳረ አባት የመልሱ ድግስ ባለቀ ማግስት፣ አጥሩ የሳሳበትን ቦታ ፈልጎ በገዛ እጁ አጋም ይተክልበታል። ክፍት የቀረ አጥር ልጅን ከትዳሯ ይጠራል፣ እያደረች ወደ ኋላ ታያለች፣ ኮብልላ ትመጣለች ይሉ ነበር። የሞላ አጥር ግን ጎጆዋን ያጸናላታል።

አንለይ ዶማውን ይዞ ከሽንቁሩ ፊት ሦስት ቀን ቆመ። በሦስተኛው ቀን ብርቄ መጣች።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«አትዝጋት ብላኛለች።»

«ልጅ ናት፤ የልጅ ነገር ተናግራ ነው። የእኔን ጎጆ ያየህ አይደለህ? አባታችን ዛሬ ነገ ሲል ሳይተክልልኝ ቀርቶ፣ ይኸው ፈትቼ ካንተ ምድጃ ሥር ቀረሁ። ልጅህ እንደ እኔ እንድትሆን ከሆነ ተወው።»

አንለይ ልጁ እንደ ብርቄ እንድትሆን አልፈለገም። ሦስት የአጋም ችግኝ ከገደሉ አፍ ነቅሎ ተከለ።

አማች ከሚኖርበት አገር አባት ሄዶ ልጁን ማየት የሚችለው የልጅ ልጁ ክርስትና ሲነሳ ተጠርቶ ነው። ሳይጠሩት ደጃቸውን ቢረግጥ ነውር ነው። አንለይም ክርስትናውን ሲጠብቅ አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ ጥሪ አልመጣም። በመሃል ከማዶ የሚመጣ ነጋዴ ሲገኝ «ልጄ እንዴት ናት?» ይላል፤ «ደህና ናት» ይሉታል። ናፍቆቱን የሚያወጣበት ቃል ስላልነበረው ወደ አጋሙ ወሰደው። ጥዋት ጥዋት በቅል ውኃ ያጠጣዋል። አረሙን በጣቱ ይለቅምለታል፤ ውርጭ ሲሆን ገለባ ያለብሰዋል። አጋም አዝጋሚ ተክል ነው፤ የአንለይ አጋም ግን በአራት ዓመት ከሰው ቁመት አለፈ። ከአጥሩ ሁሉ ጥቅጥቅ ያለው፣ ከአበባውም ሁሉ የሚያምረው፣ ያ የማንጠግቦሽ መግቢያ የነበረው ቦታ ሆነ።

በአራተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ቀድሞ በገባበት ግንቦት፣ መንደሩ ሁሉ ገበያ ወርዶ ነበር። አንለይ ብቻ ከጎመኑ ዘንድ ይኮተኩታል። የአጋሙ አበባ ፈክቷል። በዚያ ሰሞን የጎረቤት ፍየል ከውጭ እየመጣች የአጋሙን ለጋ ቅጠል እየቀነጠበች አስቸግራው ነበር። ቀትር ላይ አጥሩ ኮሽ አለ። አንለይ ቀና ብሎ አየ፤ አጋሙ ጥቅጥቅ ብሎ ማዶውን አያሳይም። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ኮሽ አለ፤ አበባውም ረገፍ ረገፍ አለ። አራት ዓመት ውኃ ያጠጣው ተክል ነውና ተናደደ። ለፍየል ደግሞ ቃል አያባክንም። ከመደቡ ላይ አንድ ጓል አነሳና በአጥሩ አናት አሻግሮ ወረወረ።

ጓሉ አንድ ነገር ላይ አርፎ ፍርክስ ሲል ሰማ። ከዚያ በኋላ ኮሽታ አልነበረም። አንለይ ወደ ኩትኳቶው ተመለሰ።

በማግስቱ ጥዋት በልማዱ አጋሙን ሊያይ ሲዞር፣ ከውጭ በኩል፣ በደረቱ ትክክል፣ እሾሁ ላይ የነጠላ ቁራጭ ተሰክቶ አገኘ። ጥለቱን አወቀው። ለሠርጓ ራሱ ከሸማኔው ዘንድ ቆሞ ያሠራው ጥለት ነበር። ከሥሩ የተፈረከሰ ጓል፣ እርጥቡ አፈር ላይም ባዶ እግር የቆመበት ዱካ ነበር። ተረከዙ ጠልቆ ገብቷል፤ ብዙ የቆመ ሰው ዱካ ነው።

አንለይ ቁራጩን ይዞ በገደሉ መንገድ ወረደ። ከወንዙ መሻገሪያ ዘንድ ጣዲቄ የምትባል ሴት ውኃ ስትቀዳ አገኛት።

«ልጄን አይተሻታል?»

ጣዲቄ ቅሏን አስቀመጠች። «ትናንት ቀትር ላይ ወረደች፣ አያ አንለይ። አንድ ዓይኗ አብጦ ነበር። ልጅ አልወለድሽም እያለ ሰውዬው ይመታታል አሉ። ትከሻዋ ላይ አፈር ነበረባት፤ ላራግፍልሽ ብላት አይ ተዪው አለችኝ።»

«ምን አለች?»

«ምነው ደጅ ደርሰሽ ሳትገቢ ብላት…» ጣዲቄ ቅሏን መልሳ አነሳች።

«ንገሪኝ።»

«ደርሼ ነበር፤ አባቴ አጥሩን አሳምሮ አሳድጎታል አለችኝ። ዝናብ በላይ ዘንቧል፣ ወንዙ ይመጣል፣ ቆዪ ብላትም አልሰማችኝም። እኔ እንስራዬን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ ወንዙ ሲጮህ ሰማሁ።»

ተሻግራ ነበር ወይስ አልተሻገረችም? ያየ የለም። ወንዙ ወሰዳት የሚሉ አሉ። ተሻግራ በቆላ፣ ስሟን ለውጣ፣ በሰው ቤት እንግዳ ሆና ኖረች የሚሉም አሉ፤ ይህን የሚሉት ግን ልባቸው የማይችል ሰዎች ናቸው ይባላል። አንለይ የወንዙን ዳር ይዞ ሃያ አንድ ቀን ወረደ፤ ምንም ሳያገኝ ተመለሰ።

እንደተመለሰ አረፍ አላለም። ዶማውን አንስቶ ሦስቱን አጋም ከሥራቸው ይቆፍር ጀመር። እሾሁ ክንዱን ሲሰነጥቀው፣ ደሙም በቅጠሉ ነጭ ወተት ላይ ሲንጠባጠብ፣ ብርቄ ከኋላው ቆማ ነበር።

«በመጥረቢያ ቁረጠው እንጂ፣ ወንድሜ። እጅህን ጨረስከው።»

«ከቆረጥኩት ያቆጠቁጣል።»

«እኔ ነኝ ያስተከልኩህ» አለች ብርቄ።

አንለይ ዶማውን ሳያቆም «የለመነችው እኔን ነው» አላት። ብርቄ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ በዚያን ቀን ሌላ ቃል አልወጣትም ይባላል።

አጋም ግን ቢነቅሉትም ሥሩ አይሞትም። በዓመቱ፣ ግንቦት ሲገባ፣ ከሽንቁሩ ላይ ለጋ ቀንበጥ ብቅ አለ። አንለይ ነቀለው። በዓመቱም እንደገና። እንዲህ እያለ ሽምግልና ደረሰበት። ጎመኑን ከሽንቁሩ አፍ ጀምሮ ይተክላል፤ ከአጠገቡም ይቀመጣል። ኮሽ ባለ ቁጥር «ማነሽ?» ይላል። መልስ ሲያጣ ጥቂት ይቆይና «ግቢ» ይላል። ፍየሊቱ ትገባለች። ሲሞትም ዓይኑ ወደዚያው ነበር ይላሉ።

የመንደሩ አባቶች ያንን ሲያዩ ኖረው ወጋቸውን ለወጡ። ከዚያ ወዲህ በደረባ ሴት ልጅ ስትዳር፣ የመልሱ ድግስ ባለቀ ማግስት፣ አባቷ ዶማ ይዞ ይወጣል፤ ከጓሮ አጥሩ ላይ ሽንቁር ይከፍታል እንጂ አይሞላም። በየዓመቱም ግንቦት ሲገባ፣ አበባው ሲፈካ፣ ከሽንቁሩ ላይ ያቆጠቆጠውን ይነቅላል። አባት ሲሞት ወንድም ይነቅላል፤ ወንድም ከሌለ ጎረቤት። ሽንቁሩንም የማንጠግቦሽ ሽንቁር ይሉታል።

እንግዳ ሲስቅባቸው አይቆጡም። ኮሽ ሲል «ማነሽ?» ብለው ይጠብቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፍየል ናት። እያወቁም ይጠብቃሉ፤ ደረባ ውስጥ ከሽንቁሩ አፍ ያለ ጎመን ለሰው ደርሶ አያውቅም።