የዋርካው ሥር ጉሊት

ተረት ተረት! «የላም በረት» ያላለ ከገበያው ይቅር።

አንዲት አይጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌሎች አይጦች ጋር ዋርካ ሥር ሽምብራ ትቸረችር ነበር። ልጆቿን የምታበላው በዚያች ጉሊት ነው። ፈቃድ ስለሌላት ደንብ አስከባሪው ጦጣ ሲመጣ እንድትሮጥ፣ ሽምብራውን የዘረጋችበትን ቅጠል ጫፉን ጨብጣ ነው የምትሸጠው።

አንድ ቀን ዋርካው ላይ የምትኖረው ጉጉት ዳኛው ኤሊ ዘንድ ሄደች።

«አባባ፣ እኔ ቀን ነው የምተኛው። እነዚህ አይጦች በጩኸት ገደሉኝ!»

አይጧም ተከትላት መጣች። «አባባ፣ ካባረሩን ልጆቻችን ምን ይብሉ?»

ኤሊ ማንንም ማስቀየም አይወድም። «ገበያውም ይኑር፣ ነዋሪዋም ትተኛ። ፈቃዱን ሰጥቻችኋለሁ፤ ግን እሷ ስትነቃ፣ ሲመሽ ሽጡ» አለ።

አይጦቹ እልል አሉ። አይጧም እልል አለች፣ ዐይኗን ግን ከጉጉት ላይ አላነሳችም።

ቅዳሜ መሸ። አይጧ አሁንም የቅጠሉን ጫፍ አልለቀቀችም።

«አንቺ ደግሞ፣ ፈቃድ ይዘሽ ትፈሪያለሽ?» ብላ ጎረቤቷ ሳቀችባት።

ጉጉት ከላይ ዐይኗን ገለጠች። «እንዴት አመሻችሁ ጎረቤቶቼ? ዛሬ ምን አለ?»

«ሽምብራ አለ፣ እትዬ» አለች አይጧ።

«ውይ፣ እኔ እንኳ ሽምብራ አልበላም» አለች ጉጉት፣ ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ቀስ ብላ እየወረደች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦዬን ግን ሳይመሽ አድርሱ።