ካርታው ያላወቀው ዋንዛ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እግራችሁን ሰብስቡ። ሰንሰለት ነውና ያላየ ይደናቀፍበታል።

ከደሴ ከተማ ጫፍ፣ ዳገቱ ትንፋሽ የሚያሳጥርበት ቦታ፣ ዋንዛው ስር የምትባል ሰፈር ነበረች። ዋንዛ ግን የላትም። ዛፉ ከተቆረጠ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ጉቶው እንኳ ተነቅሎ ማገዶ ሆኗል። የሰፈሩ ሰው ግን ዛፉን ምላሱ ላይ እንደተከለው ነው። "ከዋንዛው ታጠፍ" ይላል፤ "ዋንዛው ጋ ጠብቂኝ" ይላል። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ የተወለደው ሳይቀር፣ አይቶት የማያውቀውን ዛፍ እየጠቆመ መንገድ ያሳያል።

በዚች ሰፈር ፈቲያ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር የምትማር፣ ቀጠን ያለች፣ አንድ ነገር ከያዘች የማትለቅ። ታላቅ እህቷ ሰኪና የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የፊተኛውን ስትወልድ ደም ፈሷት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው፤ ልጁም አልቆየላትም። ሐኪሙ፣ "የሚቀጥለውን ቤትሽ እንዳትሞክሪው፤ ምጥ ሲጀምርሽ አምቡላንስ ጥሪ" ብሏታል።

አምቡላንስ ደግሞ ዋንዛው ስርን አያገኝም። ከሁለት ዓመት በፊት የእትዬ ዘሀራ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ ራህመት፣ በጠራራ ፀሐይ ትኩሳት ይዟት ስትንቀጠቀጥ ተጠርቶ ነበር። የአምቡላንሱ ጩኸት ለሰፈሩ ሁሉ እየተሰማ መኪናው አንዴ ከታች ዞረ፣ አንዴ ከላይ ዞረ፣ መግቢያውን አጥቶ ተንከራተተ። ሲደርስ ልጅቷ አልፋለች።

እንግዲህ የፈቲያ ምኞት ትንሽዬ ናት፤ የጣት ጥፍር ታህላለች። ሰኪናን ምጥ ሲይዛት የአምቡላንሱ ሾፌር ቤቷን ያግኝላት። በቃ።

ሾፌሩ ጋ ሄደች። "ጋሼ፣ ብንደውልልህ ዋንዛው ስር ትመጣለህ?" አለችው።

"እኔ እህቴ የምነዳው ስልኬ ላይ ያለውን ካርታ እያየሁ ነው" አላት ጎማውን በእግሩ እየመታ። "ካርታው ያላሳየኝን ቦታ በህልሜ ልድረስ?"

ሾፌሩ ያለ ካርታ፣ አልደርስም አለ፤ የሰኪና ሆድ ግን አልጠብቅም አለ።

ካርታው ጋ ሄደች። ይህ ካርታ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። የሚሸጠው የለም፤ ፈቃደኛ ሰው ሁሉ እየተሰበሰበ በነፃ ይሥለዋል፣ የተሳሳተውን ያርምለታል። ፈቲያም ቁጭ ብላ መታጠፊያዋ ላይ "ዋንዛው" ብላ ጻፈች። በማግስቱ ስታይ ተሰርዟል።

"ምነው?" አለችው ካርታውን።

"በዓይን የሚታየውን ብቻ ነው የምጽፈው፤ ሕጌ ነው" አላት ካርታው። "የታለ ዛፉ?"

"ተቆርጧል።"

"እንግዲያው አታስዋሺኝ። ሰው በአፉ የሚለውን ሰምቶ ከቦታው የሚያገናኝ ኮድ ካለሽ አምጪና እንነጋገር።"

ኮድ ማለት ለኮምፒውተር በራሱ ቋንቋ የሚጻፍለት ትእዛዝ ነው። ካልነገሩት አይሠራም፤ ከነገሩት ደግሞ አያርፍም።

ካርታው ያለ ኮድ፣ አልጽፍም አለ፤ ሾፌሩ ያለ ካርታ፣ አልደርስም አለ፤ የሰኪና ሆድ ግን አልጠብቅም አለ።

ፈቲያ ኮዱን ጀመረችው። ሁለት ሌሊት ስትጽፍ አደረች፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ኮዱ ተገትሮ ቀረ። "እኔን በትርፍ ሰዓት አትጨርሺኝም" አላት። "ክረምቱን ሙሉ የሚያስተምርሽ ሰው፣ የሚሸከመኝ ትልቅ ኮምፒውተር ያስፈልገኛል። የካርታው ማኅበር በየዓመቱ ከተማሪ ፕሮጀክት እየመረጠ ይህን ሁሉ ይሰጥ የለም? ሂጂና አስመርጪኝ።"

ኮዱ ያለ ምርጫ፣ አልሠራም አለ፤ ካርታው ያለ ኮድ፣ አልጽፍም አለ፤ ሾፌሩ ያለ ካርታ፣ አልደርስም አለ፤ የሰኪና ሆድ ግን አልጠብቅም አለ።

የማኅበሩ መራጭ ወይዘሮ ምንትዋብ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሴት ናቸው። ፊታቸው ወረቀት ተከምሯል።

"ሠላሳ አንድ ማመልከቻ መጥቷል፤ ቦታው ለአራት ነው" አሏት። "አንዱ ጎርፍ የሚሞላባቸውን ቦዮች በቀለም ሊለይ ነው። አንዷ የታክሲ መሥመር ልትሥል ነው። አንዱ ደግሞ ፕሌይስቴሽን ቤቶችን በሙሉ እመዘግባለሁ ይላል፤ የወንድሜ ልጅ ባይሆን እስቅበት ነበር።"

"የእኔስ?"

ወይዘሮ ምንትዋብ የፈቲያን ወረቀት ሁለቴ አነበቡት። "ያንቺ ልብ ይነካል። ልብ ስለነካ ግን አልመርጥም። አማካሪ ይፈርምበት። አምና ያለ አማካሪ የመረጥነው ልጅ ሐምሌ ላይ ጠፋብን፤ እስከ ዛሬ ስልኩ ዝግ ነው።"

መራጯ ያለ ፊርማ፣ አልመርጥም አሉ፤ ኮዱ ያለ ምርጫ፣ አልሠራም አለ፤ ካርታው ያለ ኮድ፣ አልጽፍም አለ፤ ሾፌሩ ያለ ካርታ፣ አልደርስም አለ፤ የሰኪና ሆድ ግን አልጠብቅም አለ። እንዲያውም ቀሚሷን ገፋ ማድረግ ጀምሯል።

አማካሪው የዩኒቨርሲቲ መምህሯ ኢንጂነር ልዑልሰገድ ነው፤ ተናግሮ የማይጠግብ፣ ሰምቶም የማያምን። "ሰው ቦታውን በዛፍ ስም ይጠራል ትያለሽ" አላት። "እኔ በምን አውቃለሁ? ቁጭ ብለሽ የፈጠርሽው ቢሆንስ? ሂጂና አርባ ሰው ጠይቂ። 'አምቡላንስ ብትጠሩ ቤታችሁን ምን ብላችሁ ታሳያላችሁ?' በያቸው። ድምፃቸውን ቅጂና አምጪልኝ። ያኔ እስክሪብቶዬን አነሳለሁ።"

ፈቲያ ደስ አላት። አርባ ሰው ምን አላት፤ ሰፈሯ ነው፣ ጎረቤቷ ነው። ከባለሱቋ ከሙሉ ጀመረች።

"ድምፄን? ለሬዲዮ ነው?" አለች ሙሉ፣ ሻሿን እያስተካከለች። ጥያቄውን ስትሰማ ግን እጇ ሻሿ ላይ ቀረ። "ይህን አልመልስም ፈቲ። ሌላ ጠይቂኝ። ይህን ዳኛው ሼህ ሙሄ ካልፈቀዱ ማንም አይመልስልሽም።"

ማንም አልመለሰላትም። በየበሩ ሄደች፣ በየበሩ ያው ነው።

ጎረቤቱ ያለ ዳኛ፣ አልናገርም አለ፤ ፈራሚው ያለ ድምፅ፣ አልፈርምም አለ፤ መራጯ ያለ ፊርማ፣ አልመርጥም አሉ፤ ኮዱ ያለ ምርጫ፣ አልሠራም አለ፤ ካርታው ያለ ኮድ፣ አልጽፍም አለ፤ ሾፌሩ ያለ ካርታ፣ አልደርስም አለ፤ የሰኪና ሆድ ግን አልጠብቅም አለ።

ሼህ ሙሄ የቅሬው ዳኛ ናቸው። ሰው ሲሞት ሰፈሩን አሰባስቦ የሚቀብረው፣ ለቅሶ ቤት የሚያስቀምጠው ቅሬ በእሳቸው ቃል ነው የሚሄድ። ፈቲያ ነገሯን እስክትጨርስ ድረስ መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ።

"ለቅሶ የሚደርስ ሰው ምን ብሎ ይገባል?" አሏት።

"እንዴት ሆነ ብሎ።"

"ራህመት የሞተች ጊዜ የመጣው ሁሉ ዘሀራን እንዴት ሆነ አላት። ያ አላነሰ ብሎ፣ 'አምቡላንሱ እንዴት ጠፋው? ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?' ይላታል። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፤ ያችኑ ይጠይቃታል። በሦስተኛው ቀን ዘሀራ ተነሥታ በሯን ዘጋች። እኔም ቅሬውን ሰብስቤ፣ ይህን ጥያቄ በዚህ ሰፈር ሁለተኛ የሚያነሣ ቀባሪ አያገኝም አልኩ። አሁን አንቺ ያችኑ ጥያቄ በስልክ ይዘሽ መጣሽ። ሐሳብሽ መልካም ነው ልጄ። ግን ያለ ዘሀራ ቃል አልፈታውም።"

ፈቲያ እትዬ ዘሀራ ደጃፍ ሄደች። አንኳኳች፤ ዝም። በማግስቱ አንኳኳች፤ ኮቴ ተሰማ፣ መልሶ ጠፋ።

ዘሀራ በሯን ዘግታ፣ አልሰማም አለች፤ ዳኛው ያለ ዘሀራ፣ አልፈቅድም አሉ፤ ጎረቤቱ ያለ ዳኛ፣ አልናገርም አለ፤ ፈራሚው ያለ ድምፅ፣ አልፈርምም አለ፤ መራጯ ያለ ፊርማ፣ አልመርጥም አሉ፤ ኮዱ ያለ ምርጫ፣ አልሠራም አለ፤ ካርታው ያለ ኮድ፣ አልጽፍም አለ፤ ሾፌሩ ያለ ካርታ፣ አልደርስም አለ፤ የሰኪና ሆድ ግን አልጠብቅም አለ። ምርጫው ሊዘጋ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

በሦስተኛው ቀን ፈቲያ ስልኳን ቤት ትታ ሄደች። አላንኳኳችም። ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ ብላ ለበሩ ታወራለት ጀመር።

"እትዬ ዘሀራ፣ ሰኪና መስከረም ላይ ትወልዳለች" አለች። "ያን ክፉ ቀን ጠዋት ራህመት ቦርሳዬን ይዛ እኔም ትምህርት ቤት ልሂድ ስትለኝ ነበር። አድገሽ ትሄጃለሽ አልኳት። ምንም አልጠይቅዎትም። ሰኪና ስለፈራች ነው። እኔም ፈርቻለሁ፤ ለሷ እንዳልነግራት ደግሞ ይብስባታል።"

ብዙ ከቆየች በኋላ በሩ ሲጥ አለ። እትዬ ዘሀራ ሙሉ ለሙሉ አልወጣችም፤ ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚታይ።

"ምን ብዬ እንደደወልኩ ለማንም አልተናገርኩም" አለች። "'ከዋንዛው ግቡ' አልኩት። ስልኩን ያነሣው ልጅ ጨዋ ነው፤ 'የቱ ዋንዛ፣ እናቴ?' አለኝ። 'ትልቁ' አልኩት። ትልቁ ዋንዛ አልኩት፣ ፈቲ። የሌለ ዛፍ። እነሱ ዛፍ ሲፈልጉ ልጄ እጄ ላይ ቀረች።"

"እኔም እንደዚያ ነበር የምለው" አለች ፈቲያ።

"ለማጽናናት ነው።"

"ወላሂ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤት ጓደኛዬ ቤቴን በዋንዛው ነግሬያት ስትዞር ውላ ደውላ ሰደበችኝ።"

እትዬ ዘሀራ በአፍንጫዋ ትንፋሽ አወጣች፤ ሳቅ ለመሆን ትንሽ የቀረው ትንፋሽ ነው። "ስልክሽ የታለ?" አለች።

"ቤት ተውኩት።"

"ሂጂ አምጪው። ሙሄንም ጥሪልኝ፤ እሱ ባለበት ነው የምናገር።"

ሼህ ሙሄ መጡ፣ ተቀመጡ። ፈቲያ ስልኩን ዘረጋች። እትዬ ዘሀራም ያኔ እንደተናገረችው፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ልመና፣ "ልጄ ታማብኛለች፣ ቶሎ ድረሱልኝ፣ ከዋንዛው ግቡ" አለች። ሼህ ሙሄ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያን ቀን ማታ ለሰፈሩ እንዲናገር ተፈቀደለት። በሁለት ቀን አርባ ሰው ተናገረ። ፈቲያ የቀዳችውን ድምፅ መጀመሪያ የወሰደችው ለኢንጂነሩ አይደለም፤ ለእትዬ ዘሀራ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አሰማቻት። ባለሱቋ ሙሉ፣ "ከዋንዛው"። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ "ዋንዛውን አልፎ"። ሼህ ሙሄ ራሳቸው፣ "ዋንዛው ጋ ሲደርሱ ወደ ቀኝ"።

"ሁሉም?" አለች እትዬ ዘሀራ።

"ሁሉም።"

ድምፆቹ እስኪያልቁ ጠበቀች። "እነሱ ግን አልደወሉም" አለች። "የደወልኩት እኔ ነኝ።"

ፈቲያ እጇን ያዘቻት እንጂ ሌላ ምን ታደርጋለች።

ከዚያ በኋላማ ሰንሰለቱ ተመዝዞ ወደ ኋላው ሮጠ። ዘሀራ ተናገረች፣ ዳኛው ፈቀዱ፤ ዳኛው ፈቀዱ፣ ጎረቤቱ አወራ፤ ጎረቤቱ አወራ፣ ኢንጂነሩ ሰማ። ያ ተናግሮ የማይጠግብ ሰው የመጀመሪያዋን ድምፅ ሰምቶ፣ ሁለተኛውን ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ፈረመ። ኢንጂነሩ ፈረመ፣ መራጯ መረጡ፤ "የወንድሜ ልጅ ያኩርፍ፣ ይለምደዋል" ብለው ነው የመረጡ። መራጯ መረጡ፣ ኮዱ ክረምቱን ሙሉ ተጻፈ፤ ኮዱ ተጻፈ፣ ካርታው ሕጉንም ሳያፈርስ ከመታጠፊያዋ ጎን፣ "ዛፍ የለም፤ ሰው ግን ዋንዛው ይለዋል" ብሎ ጻፈ።

መስከረም በገባ በአምስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰኪናን ምጥ ያዛት። ፈቲያ ቁጥሩን ሁለቴ ተሳስታ በሦስተኛው ደወለች።

"የት ነው?" አላት ያነሣው ሰው።

"ዋንዛው ስር።"

"ቆይ... አዎ፣ ዋንዛው። አግኝተነዋል።"

ጩኸቱ ከሩቅ ሲሰማ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ጆሮውን አቀና። ይዞር ይሆን? ባለሱቋ ሙሉ አፏን በሻሿ ያዘች። ጩኸቱ አልዞረም። ቀጥ ብሎ፣ ዳገቱን ይዞ፣ እየጎላ እየጎላ መጣ።

መታጠፊያው ላይ እትዬ ዘሀራ ቆማ ነበር። ሾፌሩ ዝግ ሲል እጇን ዘርግታ መንገዱን አሳየችው። ሰኪናን ጫኑ፣ ፈቲያ አጠገቧ ገባች፣ መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ። በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ በሐኪም እጅ፣ ሰኪና ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ፈቲያ ግን በመኪናው የኋላ መስኮት ያየችውን እስከ ዛሬ ታወራዋለች። አምቡላንሱ መጥቶ፣ ገብቶ፣ ወጥቶ ሄዷል፤ አቧራው ሳይቀር ተኝቷል። እትዬ ዘሀራ እዚያው መታጠፊያው ላይ ቆማለች፤ እጇ እንደተዘረጋ ነው፣ መንገዱን ታሳያለች።

ተረቴ እዚህ ላይ አረፈ። የሰማችሁ ጆሯችሁ ይባረክ፤ በጭንቅ ለሚጠራችሁም ድረሱለት።