በአፅም የተጣራ ውኃ

በአንድ ወቅት፣ ውኃው የሰውን አጥንት በሚያጎብጥበት የስምጥ ሸለቆ ቆላ፣ እማማ ዝናሽ የሚባሉ መበለት ነበሩ። ወገባቸው ታጥፎ የሰው ፊት ማየት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰውን የሚለዩት በእግሩ ነበር። ባላቸውም አቶ ደርሰህ በዚያው ውኃ ጎብጠው ሞቱ፤ ገናዦች ሊያቃኗቸው ቢሞክሩ አልቃና ብለው፣ እንደ ታጠፉ ተቀበሩ። አሁን ደግሞ ከሟች ልጃቸው የቀረችው የአራት ዓመቷ ትርንጎ ጉልበቷ ይወላገድ ጀመር። ሌላ ውኃ አልነበረም።

እማማ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «የእኔስ አለቀ። ይህችን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙልኝ» አሏቸው።

ታላቁ ዘርጋው ስኳር በአጥንት ከሰል በሚያነጡበት ፋብሪካ ሠርቶ ነበርና ምሥጢሩን ያውቃል፤ አየር በማያስገባ ምድጃ የተቃጠለ አጥንት ከሰል ሆኖ ሲወቀጥ፣ በውስጡ የሚያልፈውን ውኃ መርዝ በገላው ላይ ለጥፎ ያስቀራል። ምድጃውን ሠርቶ ሲከፍት ፍሙ ተደርምሶ ቀኝ እግሩን በላው፤ ጣት አልቀረለትም። «አጥንት ጨምሩ» ብቻ አለ።

መካከለኛው ውብሸት በቅበላ ዕለት ጥማድ በሬዎቹን አረደ። ጎረቤቶቹን «ሥጋውን ብሉ፤ አጥንቱን መልሱልኝ» አላቸው። «በሬውን አርዶ አጥንት የሚለምን ገበሬ አየን!» እያሉ ስቀው በሉ። መሬቱ ጦም አደረ፤ እሱም በሰው ማሳ በባዶ እግሩ የቀን ሠራተኛ ሆነ።

ከሰሉ ግን መርዙን ሲጠግብ መያዝ ያቆማልና በአዲስ መተካት አለበት። በዚህ መካከል የደብሩ ቄስ «በአጥንት ያለፈ ውኃ ጾም ያስገድፋል» ብለው ገዘቱ። ከዚያ ወዲያ አጥንትን ለጅብ መጣል ጽድቅ፣ ለውብሸት መስጠት ኃጢአት ሆነ።

ታናሹ ምንተስኖት ዲያቆን ነበር። አንድ ማለዳ ጆንያ ተሸክሞ መጣና «የግመል ነው» አለ። ዘርጋው አቃጠለው፤ ውብሸት ወቀጠው፤ ልጅቱ በእሱ ያለፈውን ውኃ ጠጣች። እያደር ጉልበቷ ቀና፤ ሮጠች። በሰባተኛ ዓመት ተዝካሩ ቀን ሐውልት ሊተከልለት ሲቆፈር የአቶ ደርሰህ መቃብር ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምንተስኖት አልካደም፤ «ስልሳ ዓመት መርዝ የጠጣ አፅም ጥቂት ቢጨምር ምን አለበት?» አለ። ከማዕርገ ዲቁናው ተሻረ፤ ሰዉም «አባትህ ጣፈጠህ?» እያለ ከደጀ ሰላሙ በድንጋይ አባረረው።

እማማ ሊሞቱ ሲሉ ሦስቱም ልጅቱን ለማሳደግ ለመኑ።

«ያለ እሳቴ አጥንቱ ባዶ አጥንት ነበር» አለ ዘርጋው።

«እኔ ያለኝን ሁሉ ሰጠሁ፤ የሰውን አልሰረቅሁም» አለ ውብሸት።

«እኔ ነፍሴን ሰጠሁ፤ ከዚያ በላይ ምን አላችሁ?» አለ ምንተስኖት።

እማማ እግሮቹን አዩ፤ ጣት የሌለውን፣ ንቃቃት የበላውን፣ በድንጋይ የቆሰለውን፤ በመካከላቸውም ቀጥ ያሉትን ትንንሽ እግሮች።

«ከሰሉ ዳግም ጠግቧል» አሉ። «ልጅቱን የሚወስድ የእኔንም አፅም ይወስዳል፤ አቃጥሎም ያጠጣታል። ቃሉን ይስጠኝ።»

የሦስቱም እግር ወደ ኋላ አለ። ጥቂት ቆይቶ የሦስቱም እግር ወደ ፊት መጣ፤ እማማ ግን ትንፋሻቸው አልቆ ነበር።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ፈጣሪን ፈርታችሁ ፍረዱ፤ ትርንጎ የምትገባው ለማን ነው?