ቋጥኟን ያቀፈው ቀዛፊ

አንድ አትርሳው የሚባል ቀዛፊ ነበር። ካያክ በምትባለው ጠባብ ጀልባ ብቻውን ተቀምጦ የሚያጓራ ወንዝ የሚወርድ ጎበዝ ነው። እጁ ፈጣን፣ ልቡ ደፋር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ቋጥኝ ሲያይ ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች!

በወንዙ ሊዝናኑ የሚመጡ እንግዶች መሪ ለመሆን ከላይኛው መሻገሪያ እስከ ታችኛው ድልድይ ሳይገለበጡ መውረድ ያስፈልጋል። አትርሳው በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለቴም ውሃ ጠጥቶ ወጣ። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው። ከወደቀ ወደ አጎቱ ወፍጮ ቤት ተመልሶ ዱቄት ሲያራግፍ ሊኖር ነው። እሱ ደግሞ ከወንዝ ሌላ የሚወደው ሥራ አልነበረውም።

ሁለቴም የጣለችው አንዲት ቋጥኝ ናት። ወንዙ መሐል ተገትራለች፤ ቀዛፊዎች “አማት” ይሏታል። ውሃው ወደ እሷ በገፋው ቁጥር አትርሳው ሰውነቱን ወደ ሌላው ጎን ይወረውራል፤ ወዲያው ድፍት!

ከሁለተኛው ውድቀት በኋላ ልብሱን እየጨመቀ “ምን አድርጌያት ነው ይህቺ ክፉ?” ሲል አስተማሪው እትዬ ጥሩወርቅ ሳቃቸው አመለጣቸው።

“እሷማ ከተፈጠረች ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም። የምትመጣባት አንተ!”

“ታዲያ አልሽሽ ነው የሚሉኝ?”

“ከሩቅ ካየሃት ቅዘፍና እለፋት፣ ማን ከለከለህ? ከደረስክባት በኋላ ግን ሽሽት የለም። ስትሸሽ ውሃው በሚመጣበት በኩል ያለውን የጀልባህን ጠርዝ ይረግጥና ይገለብጥሃል። ወደ እሷ አጋድል። እንደ ዘመድ እቀፋት!”

“ድንጋይ ዘመድ ሊሆን? ይቆረቁራል እኮ!”

“የሥጋ ዘመድህስ አይቆረቁርህም?” አሉት።

የፈተናው ቀን ወንዙ ሞልቶ ነበር። አትርሳው ቀኙን ይዤ አልፋለሁ ሲል ውሃው ጠልፎ ቀጥታ ወደ አማት ወሰደው። ሰውነቱ በሙሉ “ሽሽ!” አለው። ፈራ፤ በጣም ፈራ። እንደፈራም ደረቱን ወደ ቋጥኟ ሰጠና፣ መቅዘፊያውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ጥምጥም አለባት። ጀልባዋ ተንቀጠቀጠች፣ ግን አልተገለበጠችም። ድንጋዩን በመዳፉ እየገፋ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ተንሸራተተ፤ ውሃው ራሱ አዙሮ ከጀርባዋ አስገባው።

እዚያ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ወንዙ ሁሉ ሲያጓራ ከቋጥኟ ጀርባ ሰው ቁጭ ብሎ ይተነፍሳል። አትርሳው “አይ የኔ ነገር! ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰድባት ማረፊያዬ እዚህ ኖሯል?” ብሎ ብቻውን ሳቀ። ትንፋሹን ሰብስቦ፣ የሚቀረውን መንገድ ከዚያው ሆኖ አጥንቶ ወረደ። ድልድዩ ሥር ሲደርስ እትዬ ጥሩወርቅ እልልታቸውን አቀለጡት።

ወዳጆቼ፣ ከሩቅ የሚታይን ችግር መዞር ብልህነት ነው። ላያችን ላይ የደረሰውን ግን ስንሸሸው ነው የሚጥለን። ደፍረን የያዝነው ችግር ደግሞ አንዳንዴ ከኋላው ማረፊያ አለው፤ ያላቀፈው ሰው አያየውም። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ደርሳችሁባት ሳላችሁ ዛሬም ፊታችሁን የምታዞሩባት ቋጥኝ የትኛዋ ናት?