ወይዘሮ ትርንጎን ያወረዱ ሦስት ተጫራቾች

በአንድ ወቅት ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት፣ ሊፍቱ ግን ፈረቃ እንኳ ያልነበረው አንድ ኮንዶሚኒየም ነበረ። ሊፍቱ ከቆመ ከርሟል፤ ልጆች በሩ ላይ በጠመኔ ሥዕል ይሥሉበታል። ምድር ላይ ያሉት ነዋሪዎች «የማንወጣበትን ለምን እናሠራለን?» ይላሉ። ላይ ያሉት ደግሞ «ሊፍቱ የሕንፃው ነው እንጂ የእኛ ብቻ ነው እንዴ?» ይላሉ። ስብሰባ ይጠራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሁሉም ደረጃውን እየረገጠ ወደየቤቱ ይገባል። ሊፍቱም እንደቆመ ይቀራል።

በዚህ ሕንፃ ሁለት እህትማማቾች ይኖሩ ነበር። ታናሺቱ ወይዘሮ ብርቄ ልባቸውን ያማቸዋል፤ ዕጣ የደረሳቸው ምድር ላይ ነው። ታላቂቱ ወይዘሮ ትርንጎ እግራቸው አይታዘዝላቸውም፤ የእሳቸው ዕጣ ስድስተኛ ፎቅ ወጣ። ይለዋወጡ እንዳይባል፣ ደረጃ ለሁለቱም ጠላት ነው። ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ አንዷ መውጣት፣ ሌላዋ መውረድ አልቻሉም። ጠዋት ጠዋት ወይዘሮ ብርቄ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፣ ወይዘሮ ትርንጎ ከበረንዳ ብቅ ይላሉ፣ ወሬያቸውን ሕንፃው በሙሉ ይሰማዋል። ስለ ጉንፋን፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ እናታቸው ያወራሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ወይዘሮ ብርቄ አረፉ።

እድሩ ሥራውን አያጣውም። ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሬሳ ተሸካሚዎች በስም ተመደቡ። ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በራቸውን አስከፍተው፣ የሚያወርዳቸው ሰው ሲጠብቁ አረፈዱ። የሕንፃው ወጣቶች «እድሩ ያወርዳቸዋል» ብለው አሰቡ። የእድሩ ሰዎች ነገሩ የኮሚቴው መሰላቸው። የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ወንዳፍራሽ ደግሞ «ወጣቶቹ መቼም አይቀሩም» አለና ሬሳው ኋላ ተሰለፈ። ሬሳው ከግቢ ሲወጣ ሰዉ አንድ ጊዜ ቀና አለ። ወይዘሮ ትርንጎ በረንዳው ላይ ነበሩ። በሁለት እጃቸው ብረቱን ጨብጠው፣ ሳይጮኹ፣ የእህታቸውን ሬሳ ከላይ ይሸኛሉ። ሰዉ አያቸው፣ አንገቱን ደፋ፣ መንገዱን ቀጠለ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። በዚያ ግቢ ግን ሃምሳው ሰው እያለ ሎሚዋ ተረሳች። ለሬሳ ተሸካሚ ሲመድቡ ለሕያው መመደብ ለማንም አልታየውም።

ከዚያ በኋላ ነዋሪዎቹ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ዓይን ለዓይን መተያየት አቃታቸው። ስድስተኛ ፎቅን የሚያልፉት በጥፍራቸው ሆነ። አንዳንዱ የአብዬን ወደ እምዬ እያለ በጎረቤቱ አላከከ፤ ግን ማላከክ እንቅልፍ አይሰጥም። ወይዘሮ ትርንጎም በራቸውን ዘጉ። ለምትረዳቸው ሴት እንዲህ አሏት፦

«ከእንግዲህ በእግሬም በሰው ትከሻም አልወርድም። ሬሳዬን ያወርዱታል። ለሬሳ ተሸካሚ አያጡም።»

ይህ ቃል ከፎቅ ፎቅ ወረደ። ሴትዮዋ ግን ለጎረቤቶች ሌላም ነገር ሹክ ብላለች፦ «እህታቸው መቃብር ላይ ሳይቆሙ አርባዋ ካለፈ በሽታው ሳይሆን እሱ ነው የሚገድላቸው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኮሚቴው ያን ጊዜ ተነሣ። ሕንፃውን የሚያስተዳድር ሰው በጨረታ አወዳድሮ እንደሚቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። ማስታወቂያው ላይ ጽዳቱ አለ፣ ጥበቃው አለ፣ የውኃ ፓምፑ አለ። ስለ ወይዘሮ ትርንጎ አንዲት ቃል የለችም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን የፈለጉት ጽዳት የሚያስጠብቅ ሰው አልነበረም። ኅሊናቸውን የሚረከባቸው ሰው ነው የፈለጉት።

ሦስት ተጫራቾች ቀረቡ። የታሸገው ፖስታ ሲከፈት በዋጋ ስለተቀራረቡ ያንን ይዞ መፍረድ አሳፋሪ ሆነ። አቶ ወንዳፍራሽ «እስከ ወይዘሮ ብርቄ አርባ ድረስ ሥራችሁን አሳዩን» አላቸው። ያን ቀን ለምን እንደመረጠ ማንም አልጠየቀውም።

የመጀመሪያው አቶ ደመላሽ ናቸው፤ ፋብሪካ ውስጥ በሞተር ጥገና ያረጁ፣ ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር የሚግባቡ ሰው። ሊፍቱን ከፈቱና «ሞተሩ ደኅና ነው፤ የጎደለው አንድ ዕቃ ነው» አሉ። ዕቃው ገበያ ላይ ጠፋ። ያንኑ የመሰለ ግን ውኃ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ላይ አለ። ማንንም ሳያስፈቅዱ ነቅለው ሊፍቱ ላይ ገጠሙት። ሊፍቱ ተንቀሳቀሰ፤ ልጆች እስኪሰለቹ ድረስ ወጡበት፣ ወረዱበት። የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ግን ደረቀ፤ አራስ ያለችበት ቤት ሳይቀር በጀሪካን መቅዳት ጀመረ። ቢጠየቁ «ውኃ በጀሪካን ይወጣል። ሴትዮዋ በጀሪካን አይወርዱም» አሉ።

ሁለተኛዋ ወይዘሪት ፍሬገነት ናት። እሷ ብረት አታምንም፤ የምታምነው ሰውን ነው። በየቤቱ እየዞረች ለወይዘሮ ትርንጎ ተሸካሚ ለመነች። ሁሉም «እሺ» አለ፤ እሺታው ግን በር ሲዘጋ የሚያልቅ ዓይነት እንደሆነ ገባት። ስለዚህ በአርባው ዕለት ማለዳ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ ግቢው መሐል አቁማ አስነፋች። ሕንፃው ተሸበረ። ሰዉ ነጠላውን እየጎተተ፣ «ማን ሞተ?» እየተባባለ ወረደ። እሷም «የሞተ የለም። ለሞተ እንደምትወጡ ስለማውቅ ነው። ዛሬ ለሕያው ውጡ» አለቻቸው። ከሰዉ አንድም የተመለሰ የለም፤ ባሉበት ቆመው ቀሩ። ግን ልጃቸው ሩቅ አገር ወታደር የሆነባቸው ወይዘሮ አጸደ ጥሩምባውን ሲሰሙ መርዶ መስሏቸው ተዝለፍልፈው ወድቀዋል። ውኃ ተረጭቶባቸው ነቁ። ፍሬገነት እግራቸው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። እሳቸው ግን እስከ ዛሬም ፊት ይነሷታል፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

ሦስተኛው አቶ ልሳነወርቅ ይባላል፤ በሽምግልና ብዙ ጠብ ያበረደ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። እሱ ሊፍቱንም ተሸካሚውንም አላየም፤ ያየው የተዘጋውን በር ነው። ጥሩምባው ከመነፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከግቢው ጥግ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ድንጋይ አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው አጎንብሶ፣ በደረጃው ስድስተኛ ፎቅ ወጣና ደጃፋቸው ላይ በጉልበቱ ወደቀ።

«ማነህ?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ ከውስጥ።

«በዳይዎ ነኝ።»

«ድምፅህን አላውቀውም። የዚህ ሕንፃ ሰው አይደለህም።»

«ስለ እነሱ ነው የመጣሁት፣ እማማ። ከእንግዲህ ይህ ሕንፃ አንድ ቀን እንኳ ብቻዎን አይተውዎትም።»

ከዚያ በሩ ተከፈተና «ድንጋዩን አውርድ፣ ልጄ፤ ትከሻህ ደማ» አሉት።

በሩ የተከፈተው እንዲህ ነው። ነገር ግን ልሳነወርቅን ይቅርታ ጠይቅልኝ ብሎ የላከው ማንም አልነበረም፤ ቃል የገባውም በሰው አፍ ነው። ወሬው እታች ሲደርስ አንዳንዱ ነዋሪ እፎይ ሲል ተሰማ። የድንጋዩን ክብደት ሳያውቁት ይቅር መባላቸው ነው።

ወይዘሮ ትርንጎ ተደግፈው ሊፍቱ ውስጥ ገቡ። ሊፍቱ አምስተኛን አለፈ፣ አራተኛን አለፈ፣ መብራት ጠፋ። አቶ ደመላሽ ከላይኛው ሞተር ቤት ሆነው ፍሬኑን በእጃቸው ለቀቅ እያደረጉ ሦስተኛ ፎቅ አደረሱትና በሩን አስከፈቱ። ከዚያ ወዲያ በብረት የሚሆን ነገር አልነበረም። በጥሩምባ የወጣው ሰው ደረጃውን ሞልቶታል። ወንበር መጣ፣ እጆች ተዘረጉ፤ ከፊት የያዘው አቶ ወንዳፍራሽ ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እየተቀባበለ አወረዳቸው። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ወይዘሮ ትርንጎ ጎንበስ ብለው አቶ ወንዳፍራሽን አዩትና በቀስታ ጠየቁት፦

«ቀላል ነኝ፣ አይደል?»

ሸክሙ ቀላል ነበር፤ አንድ ጎረምሳ ብቻውን ሊያወርደው የሚችል። አቶ ወንዳፍራሽ ፊቱን የሚጠርግበት እጅ ስላልነበረው እንባው እንደወረደ እስከ ምድር ደረሰ። አርባው ወጣ። ወይዘሮ ትርንጎ የእህታቸው መቃብር ላይ ቆመው የልባቸውን አወሩ፤ ከሰገነት ወደ ግቢ ያወሩት በነበረው ድምፅ።

በማግስቱ ወይዘሮ ትርንጎ ባሉበት ጉባኤ ተቀመጡና ጭቅጭቁ ደራ። ግማሹ እንዲህ አለ፦ «ጥሩምባው አንድ ቀን ይነፋል፣ ድንጋዩ አንድ ቀን ይነሣል። ሊፍቱ ግን በየቀኑ ያወርዳቸዋል፤ ሥራው የአቶ ደመላሽ ነው።» ሌላው መለሰ፦ «መብራት ሲጠፋ ያወረዳቸው ማን ሆነና? እኛን ከቤታችን ያወጣችን ፍሬገነት ናት።» ሦስተኛው ተነሣ፦ «በሩ ባይከፈት ሊፍታችሁም ትከሻችሁም ለማን ይሆን ነበር? ልሳነወርቅ ነው።» ወዲያው አንዱ «ይቅርታ በውክልና የለም» አለ። ሌላዋ «መርዶ ያስነፋች ሴት ቤታችንን አታስተዳድርም» አለች። ከወደ ኋላ ደግሞ «ሳያስፈቅድ ፓምፕ የነቀለ ነገ ምን ይነቅላል?» የሚል ተሰማ።

ሲጨንቃቸው ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ዞሩ። እሳቸውም ከወንበራቸው ላይ ሆነው ሁሉንም በየተራ አዩ።

«ሦስቱንም እግዜር ይስጣቸው፤ እኔ መራጭ አይደለሁም» አሉ። «ግን ልጠይቃችሁ። ሰው የምትቀጥሩት እኔን እንዲያስታውስላችሁ ነው ወይስ እኔን እንዲያስረሳችሁ?»

ጉባኤው ሳይወስን ተበተነ፤ ሦስቱ ተጫራቾችም ግቢው ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ።

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። አንዱ የሚወርዱበትን መንገድ ሠራ፣ አንዷ የሚያወርዳቸውን ሰው አስወጣች፣ አንዱ መውረድ እንዲፈልጉ አደረገ። እናንተ የዚያ ሕንፃ ነዋሪ ብትሆኑ፣ ያን ቀን በቀብሩ ሰልፍ ቀና ብላችሁ አይታችሁ ያለፋችሁ ብትሆኑ፣ ሥራው የሚገባው ለማን ነው ትላላችሁ?