በናስ ቀለበት ውስጥ የታየው ጫማ

ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰው ነበረ። ይህን ታሪክ መምህር አንዳርጌ የነገሩት ስንዱ ለምትባል ወጣት አስተማሪ ነው። ስንዱ ሥራ ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። አንድ ቀን ከክፍል ወጥታ በቀጥታ እሳቸው ቤት ሄደችና፣ «መምህር፣ የማውቀውን ሁሉ እሰጣቸዋለሁ። ሥዕል እስላለሁ፣ ሰሌዳውን በቀለም አስጌጣለሁ። ግን አንድም ልጅ እጁን አውጥቶ አይጠይቀኝም። ምን ላድርግ?» አለቻቸው። እሳቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በምክር ፈንታ ይህን አወጉላት።

የሰውዬው ሥራ ወረቀት ነበር። ለሠርግና ለልደት የፎቶ አልበም ይሠራል። ካርቶን ይቆርጣል፣ ባለቀለም ወረቀት ይለጥፋል፤ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን በትንንሽ የናስ ቀለበቶቹ ነው። የጫማ ክር የሚሾልክባቸውን ቀለበቶች ታውቂያለሽ? እንደነሱ ናቸው። ወረቀቱን በመብሻ ይበሳዋል፣ ቀለበቱን ይሰካል፣ ገልብጦ ጠርዙን በመዶሻ ሲያጥፈው ቀለበቱ ወረቀቱን ነክሶ ይቀራል። አንዷን የአበባ እምብርት ያደርጋታል፤ በሌሎቹ ውስጥ ሪባን ያሾልካል። ደንበኞቹ አልበሙን ገና ሳይገልጡት «ውይ፣ ሲያምር!» ይሉለታል።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ ነበረችው። እናቷ ስትሞት ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ከቀብሩ ጀምሮ ቤት የመጣ ዘመድ ሁሉ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እናትሽ ደግነቷ፣ እናትሽ ቁንጅናዋ፣ እናትሽ እንዲህ፣ እናትሽ እንዲያ ይላታል። አባትየውም ከእነሱ አልተሻለም፤ ራት በቀረበ ቁጥር ይጀምርላታል። ልጅቱ መጀመሪያ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። በኋላ የእናቷ ስም ሲነሳ ተነስታ መውጣት ጀመረች። አባትየው ይህን አየና፣ «አንዴ ቀብሬያታለሁ፤ በልጄ ልብ ደግሞ ልትሞትብኝ ነው» አለ።

ስለዚህ አልበም ሠራላት። እንደዚያ ለማንም ሠርቶ አያውቅም። የሚስቱን ፎቶዎች በየገጹ ደረደረ፤ ዳር ዳሩን በናስ ቀለበት ከበበው፤ አበባው ላይ ቀለበት፣ ሪባኑ ላይ ቀለበት። አልቆለት ሲሰጣት ልጅቱ በጣቷ ቀለበቶቹን ዳሰሰች፣ ገጾቹን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና መለሰችለት።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«እናትሽንስ?»

«እሷንም አየኋት» አለችና ወደ ደጅ ሮጠች።

ሰውዬው ተናደደ፤ ቀጥሎ አዘነ። ከዚያ ጥፋቱ የጌጥ ማነስ መሰለው። በማግስቱ አልበሙን ወደ ሥራ ቤቱ ወሰደና በየፎቶዎቹ ላይ የሚጋረድ ያጌጠ ገጽ ሊጨምርበት ተነሳ። የመጀመሪያውን ወረቀት መሀሉን በስቶ አንዲት ቀለበት መታበት። ቀዳዳዋ እንድታበራ ከኋላዋ ወርቃማ ወረቀት ሊለጥፍባት አሰበ፤ ሙጫው ግን አልቆ ነበር። ወረቀቱን ፎቶው ላይ እንደተጋረደ ትቶ ሙጫ ሊገዛ ጎረቤት ሱቅ ሄደ።

ሲመለስ ልጁን አገኛት። ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ አልበሙ ላይ ተደፍታለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና በሌላው በቀለበቷ ውስጥ ታያለች።

«አባዬ፣ ይሄ የጫማ ተረከዝ ነው አይደል? ማነው በእጁ የያዘው?»

አባትየው አፉን ከፈተ። ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠብቆታል! ሠርጉን፣ ዘፈኑን፣ የሚስቱን ሳቅ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያፈስላት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ፊቷን አየው፤ የእናቷ ነገር ተነስቶ ፊቷ እንዲህ ሲበራ አይቶ አያውቅም። አፉን መልሶ ዘጋ። እንደምንም ራሱን ገትቶ፣

«ገልጠሽ እያት» ብቻ አላት።

ገለጠች። አንዲት ሙሽራ ነጭ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው እጇ አንድ ጫማ ወደ ላይ አንስታ ትስቃለች። አንድ እግሯ ባዶ ነው። ልጅቱ ይህን ፎቶ ትናንትም አይታዋለች፤ አሁን ግን ፎቶው ገና ዛሬ እዚያ የተቀመጠ ይመስል ዓይኗን አልነቀለችም።

«አባዬ፣ እናቴ ጫማዋን ለምን አወለቀችው? ምንድን ነው እንዲህ ያሳቃት?»

መምህር አንዳርጌ እዚህ ላይ ዝም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ስንዱ ጠበቀች፣ ጠበቀች።

«እሺ፣ መምህር? ለምን ነበር?»

«ተረከዙ ተሰብሮባት ነዋ! በጭፈራው መሀል። ሚዜዎቹ ሌላ ጫማ ፍለጋ ሲራወጡ እሷ አውልቃ ይዛው እያነከሰች ጨፈረች። አማቷ 'ሙሽራ እንዲህ አይዘልም' ብለው ቢቆጡ ጫማውን እሳቸውን አስያዘቻቸው። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የእናቷን ነገር የምታነሳው እሷ ሆነች።»

መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ስንዱ ዞሩ።

«አሁን ልብ በይ፣ ልጄ። ይህን ሁሉ ሳወራ ዝም ብለሽ ታዳምጪኝ ነበር፤ ዝም ስል ግን ጠየቅሽኝ። ተማሪዎችሽም እንዲሁ ናቸው። ሰሌዳውን ስታስጌጪ ጌጡን ያያሉ፤ የምታውቂውን ሁሉ ስታፈሺላቸው ራሳቸው ፈልገው የሚያገኙት ነገር አይቀራቸውም። ያቺ ቀለበት ልጅቱን የጠራቻት ስላብረቀረቀች አይደለም፤ መሀሏ ክፍት ስለነበረ ነው። አንቺም በትምህርትሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ተዪላቸው። ጠርዙን ግን አጥብቂው፤ ቀለበት የሌለው ቀዳዳ በልጆች ጣት ተቀዶ ይቀራል። ምን እንዲያዩ እንደምትፈልጊ ሳታውቂ ዝም ብትዪ፣ ያ ጉድለት ነው እንጂ ጥያቄ አይወልድም። ይህን ካወቅሽ የሚቀርሽ አንድ ከባድ ሥራ ነው፤ ጎንበስ ብለው እስኪያዩ ድረስ መታገስ።»